የሞላልኝ ቀኝ እግር

ሞላልኝ ሌዊስቪል ባለው ቤቱ ጋራዥ ውስጥ መኪና ማቆም ከተወ ስምንት ወር ሆኖታል። የእሱም የሚስቱም መኪና ደጅ ፀሐይ ላይ ተሰጥተው ይውላሉ፤ ጋራዡን የያዘችው ጎማ የሌላት መኪና ናት። ወንበሯን ከተጋጨ ሚኒቫን ላይ በገዛ እጁ ፈትቶ አመጣው። እግሯን ከብረት ቱቦ ቆርጦ በየደ፣ እንዳትነቃነቅም በአራት ብሎን ከወለሉ ጋር አሰራት። ከፊቷ ትልቅ ስክሪን፣ ከስክሪኑ ሥር መሪ፣ ከመሪው ሥር ሁለት ፔዳል፤ አንዱ ነዳጅ፣ ሌላው ፍሬን። በግራ በኩል እንደ ወፍጮ የሚጮህ ቬንትሌተር ቆሟል። በቴክሳስ ነሐሴ ያለ እሱ እዚያ መቀመጥ ምድጃ ውስጥ እንደ መግባት ነው። በዚያ የሚያልፉ ጎረቤቶች አንድ ጠና ያለ ሰው በካልሲው ተቀምጦ፣ ስክሪን ላይ አፍጥጦ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ መሪ ሲያዞር ያያሉ። መጀመሪያ ይገረሙ ነበር። አሁን እጃቸውን አውለብልበው ያልፋሉ።

ዕድሜው ሃምሳ ዘጠኝ ነው። ሙያው መኪና ነው። አዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት አውቶ መካኒክ ተምሮ፣ ሁለት ዓመት ጋራዥ ከሠራ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነዳ። ቴክሳስ ከገባ ደግሞ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። መኪናቸውን ራቅ ያለ ፓርኪንግ አቁመው ኤርፖርት የሚሄዱ መንገደኞችን በትንሽ አውቶቡስ ያመላልሳል። ጎህ ሳይቀድ ገብቶ እኩለ ቀን ላይ ይወጣል። ከሰዓት በኋላው የራሱ ነው። ድሮ ይተኛበት ነበር።

ከእንቅልፉ ያስነሳችው ልጁ ሔራን ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ዳላስ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ዳታ ትሠራለች። ባለፈው ዓመት ማኪኒ አፓርታማ ይዛ ከቤት ወጣች። ከዚያ በኋላ ነገሩ በሳምንት አንዴ ስልክ፣ በወር አንዴ ምሳ ሆነ። አንድ ቀን የኮምፒዩተር የመኪና ጨዋታዋን መሪና ፔዳል ጭና መጣችና፣ "አፓርታማዬ ትንሽ ነው፣ እናንተ ጋ ላስቀምጠው" አለች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቀርታ አታውቅም። እሱንም ወንበሩ ላይ ያስቀመጠችው በቀልድ ነበር፤ እሱ ግን በቀልድ አልተነሣም። አንድ ብሎን ይበቃው የነበረውን ወንበር በአራት ያሰረበትን ምክንያት ለማንም አልተናገረም።

በዚህ በጋ ነገሩ ከጨዋታ አለፈ። የዳላስና የፎርት ወርዝ ሐበሾች በየዓመቱ የሚያዘጋጁት የስፖርት በዓል ላይ፣ ከኳሱና ከሩጫው ሌላ፣ የኮምፒዩተር የመኪና ውድድር ተጨመረ። በአንድ ቡድን ሦስት ሾፌር፤ ከሦስቱ አንዱ የግድ ከሃምሳ ዓመት በላይ። ደንቡን ያወጡት ወጣቶች አባቶቻቸው ድንኳን ሥር ተቀምጠው ፖለቲካ ሲያወሩ መዋላቸው የሰለቻቸው ናቸው። ሌላም ደንብ ነበር። እያንዳንዱ ሾፌር በተመረጠው የተራራ መንገድ ላይ አንድ ንጹሕ ዙር ከአንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ በታች ነድቶ ፋይሉን መላክ አለበት፤ ከሦስቱ አንዱ ካቃተው ቡድኑ በሙሉ ይሰረዛል። የመጨረሻው ቀን የነሐሴ ማብቂያ እሑድ ነው፣ በአሜሪካ ሰዓት ከምሽቱ ስድስት።

ሔራን ገና በመጀመሪያው ቀን አንድ ደቂቃ ከአርባ አራት ሰከንድ ነዳች። ጓደኛዋ ምናሴ፣ ነርስ ነው፣ አንድ አርባ ስድስት። ሞላልኝ አንድ ሃምሳ ስምንት፣ ያውም ሁለት ጊዜ ግንብ ገጭቶ።

"ሌላ ሰው ፈልጉ፤ እኔ አላበላሽባችሁ" አላቸው።

"ሌላ ሰው የለንም" አለች ሔራን። "ካልሆነ ካንስል እናደርገዋለን፣ ኢትስ ኦኬ።"

ካንስል ያለቻትን ቃል ይዞ ቀረ። ውድድሩ ከተሰረዘ ቅዳሜስ? መሪው ማኪኒ ይመለስ ይሆን? ያን ዕለት ማታ ከእራት በፊት የትምህርት ቤት ደብተር ገዝቶ መጣና ሽፋኑ ላይ "የተራራው መንገድ" ብሎ ጻፈ።

ኃይለ ማርያም የሚባል ጓደኛ አለው። አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ውስጥ አብረው ዘይት ተቀብተዋል፤ አሁን ቤድፎርድ ይኖራል፣ ሊሞዚን ይነዳል። ከሌላ ቡድን ጋር ተመዝግቦ አንድ አርባ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት ነድቶ ልኳል። ከላከ ጀምሮ በየቀኑ ይደውላል።

"ሞሌ፣ ስንት ደረስክ?"

"እየመጣሁ ነው።"

"የት ነህ? ፌርማታ ላይ ነህ እንዴ? ሰው እየጫንክ ነው?"

"አንተ ሊሞዚንህን እጠብ።"

"አርባ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት! ልጄ ፍሬም አስገብታ ሳሎን ሰቅላዋለች።"

"ይውደቅ እንዳልል፣ ልጅቷ ምን አደረገች!" አለና ዘጋበት።

ቴሌሜትሪ የሚባለውን ነገር ሞላልኝ ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን በክፉ ጎኑ ነው። በሚነዳው አውቶቡስ ዳሽቦርድ ሥር አንዲት ጥቁር ሣጥን አለች። ፍሬን በኃይል ከያዝክ ትጽፋለች። ኩርባ በፍጥነት ከገባህ ትጽፋለች። ሰኞ ሰኞ ዝርዝሩ ይለጠፍና ስማቸው ከታች የሆነ ሾፌሮች ቢሮ ይጠራሉ። ሞላልኝ ሣጥኗ ከገባች በስድስት ዓመት አንድም ቀን አልተጠራም። ስለዚህ ሔራን ላፕቶፗን ከፍታ፣ "ሶ፣ አባ፣ ይኼ ሁሉን ነገር ሪኮርድ ያደርጋል፤ እግርህን፣ እጅህን፣ ስፒድህን" ስትለው መጀመሪያ የጠየቃት፣

"ለማን ነው የሚያቀብለው?" ብሎ ነው።

"ለእኛ ነዋ!"

"እርግጠኛ ነሽ?"

እርግጠኛ ነበረች። ስክሪኑ ላይ መንገዱ ከግራ ወደ ቀኝ በሜትር ተዘርግቷል፤ በላዩ ላይ የፍጥነት፣ የነዳጅ፣ የፍሬንና የመሪ መስመሮች አንዱ ከአንዱ ሥር ይሄዳሉ። የእሷን ዙር በሰማያዊ፣ የእሱን በቀይ አድርጋ አንዱን በአንዱ ላይ ደረበችው።

"ይኼ የኔ ብሬክ ነው።" ሰማያዊው መስመር እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ ወጣና ቀስ እያለ ወረደ። "ይኼ ያንተ።" ቀዩ ገና ከሩቅ ጀምሮ በዝግታ ወጣ፣ በዝግታ ወረደ። ለስላሳ ጉብታ።

ሞላልኝ መነጽሩን አደረገ። "የኔ ያምራል።"

"ያምራል፣ ግን ስሎው ነው። ከእኔ ስልሳ ሜትር ቀድመህ ነው የምትይዘው። ለምን?"

"ሰው ቆሟላ።"

"የቱ ሰው?"

ሞላልኝ ወደ ኋላው ዞር አለ። ጋራዡ ውስጥ ከቬንትሌተሩ በቀር ማንም የለም። "ሻንጣ የያዘ ሰው ቆሞ ድንገት ፍሬን ከያዝክበት በግንባሩ ነው የሚሄደው" አለ፤ ሲናገረው ራሱም ሳቁ መጣ።

"አባ፣ ይኼ መኪና ያለው አንድ ወንበር ነው!"

ያን ቀን ሥራው ተጀመረ። ትምህርቱ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ፍሬኑን ጠንከር አድርጎ መርገጥ፣ ከዚያ መሪውን እያዞሩ ቀስ በቀስ መልቀቅ። ሁለተኛውን ሔራን ልታስተምረው ስትዘጋጅ መስመሩን ደግማ አየችውና ተወችው። አለቃቀቁ ከእሷ ይሻል ነበር። አውቶቡስ ሊቆም ሲል የሰው አንገት እንዳይነቀነቅ ፔዳሏን በፀጉር ልክ መመለስ ሞላልኝ ሠላሳ ሦስት ዓመት የሠራበት ነገር ነው። ምናሴ ያንን ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል። የጎደለው መጀመሪያው ነበር፤ መርገጡ። ለእሱም ቢሆን ሳምንት ሙሉ እግሩ አልታዘዝ አለ። የማይታየው መንገደኛ ከነሻንጣው ከኋላው እየቆመ አስቸገረው። በመጨረሻ የሺሐረግ፣ ሚስቱ፣ ምክር ሰጠችው፦ "ከመነሣትህ በፊት 'ሁላችሁም ውረዱ' በላቸው።" የቀልዷን ነው። እሱ ግን የምሩን አደረገው፤ ወንበሩ ላይ በተቀመጠ ቁጥር ድምፁን ዝቅ አድርጎ "መጨረሻ ነው፣ ውረዱ" ይላል። ሠራለት።

ደብተሩ እየሞላ ሄደ። ለእያንዳንዱ ኩርባ ስም አወጣ፤ በየቀኑ የሚነዳበትን አውራ ጎዳና ስም። ወደ ቀኝ የሚጠብበውን "የሠላሳ አምስት መውጫ" አለው፣ ሁለቱን ተከታታይ ኩርባ "የ121 መጋጠሚያ"። ከሥሩ የፍሬን ምልክቱን፣ ማርሹን፣ የስንት ሰከንድ ስህተት እንደሠራ። አንድ ሃምሳ አራት ሆነ። አንድ ሃምሳ ሁለት ሆነ። አንድ ሃምሳ ነጥብ ሁለት ደረሰና፣ እዚያው ቀረ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንድ ሃምሳ ነጥብ ሁለት፣ ነጥብ ሦስት፣ ነጥብ ሁለት። ደብተሩ ላይ ያው ቁጥር ተደርድሮ የስልክ ቁጥር መሰለ።

ለመጨረሻው ቀን ስምንት ቀን ሲቀር፣ ቅዳሜ፣ ምናሴ ከሆስፒታል የነርስ ልብሱን ሳይቀይር መጣ። ሔራን የአባቷን ሃያ ዙር በአንድ ላይ ደርባ ጠበቀችው።

"ጋሼ፣ ይኼን ያዩታል?" አለ ምናሴ ስክሪኑን እየነካ። ረጅሙ ቀጥታ መንገድ መጀመሪያ ላይ ነው። የነዳጅ መስመር መቶ በመቶ ላይ መሄድ አለበት። መቶ ነው፣ መቶ ነው፣ ከዚያ ድንገት ወደ አርባ ወርዶ፣ ግማሽ ሰከንድ ያህል ቆይቶ፣ እንደገና መቶ። እንደ ወለቀ ጥርስ ነው። ሃያውም ዙር ላይ፣ ሃያውም አንድ ቦታ፣ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ አርባ ሜትር ላይ።

"ለምን ትለቀዋለህ?" አለች ሔራን።

"አልለቅም!"

"ዳታው ትለቃለህ ይላል።"

"ዳታው ዋሽቷል።"

"ዳታ አይዋሽም፣ ጋሼ" አለ ምናሴ።

"የኛ ሣጥን ባለፈው ወር ቆሞ የዋለ አውቶቡስ በሰማንያ ማይል ሲበር ነበር ብላለች። እሷስ ምን ሆና ነው?"

ሞላልኝ መፍቻውን አመጣ። ፔዳሉን ነቀለ፣ ሽፋኑን ከፈተ፣ መገናኛዎቹን በጥጥና በአልኮል ጠረገ፣ ሽቦውን በቴስተር ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካ፣ አንዱን የላላ ብሎን አጠበቀ። መልሶ ገጠመና ነዳ። ክፍተቱ እዚያው አለ። ምናሴ ተቀመጠና ሦስት ዙር ነዳ። መስመሩ ሜዳ!

"ሶ፣ ፔዳሉ ሰላም ነው" አለ ምናሴ በጥንቃቄ። "ማለቴ... ችግሩ ፔዳሉ ላይ ያለው እግር ነው።"

ሔራን አሰላችው። እዚያ የሚጠፋው አምስት ኪሎሜትር ፍጥነት እስከ ቀጥታው መጨረሻ ድረስ አይመለስም፤ ሦስት አስረኛ ሰከንድ ይበላል። የጎደለው ደግሞ ከሁለት አስረኛ እምብዛም አይበልጥም። ሦስቱም ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። የሚሆነው ታወቀ፤ ለምን እንደሚሆን ግን አንዳቸውም አላወቁም። ሞላልኝ እንደገና ነዳ፣ እግሩን እየተጠባበቀ። እግሩ ለቀቀ፤ እሱ ግን ሲለቅ አልተሰማውም።

በዚህ መሃል የሺሐረግ ጋራዡ ውስጥ ካለው ፍሪዘር ዶሮ ልታወጣ ገባች። የበረደውን ፓኬት እንደያዘች ቆማ ሁለት ዙር አየች።

"ምነው ፊታችሁ ሁሉ የለቅሶ ቤት መሰለ?"

"እማ፣ አባ እዚህ ጋ ነዳጅ ይለቃል። ለምን እንደሆነ ማወቅ አልቻልንም።"

"እንዴት አታውቁም? ሲሳለም ነዋ።"

ሦስቱም ወደ እሷ ዞሩ።

"ምኑን?" አለ ሞላልኝ።

"ያውላችሁ ቤተ ክርስቲያኑ!" በዶሮው ፓኬት ወደ ስክሪኑ ጠቆመች። ሔራን ቪዲዮውን መለሰችው። ከቀጥታው በስተግራ፣ ከጥዶቹ ኋላ፣ አንድ ትንሽ የድንጋይ ግንብ ብቅ ይላል፤ ጫፉ ላይ መስቀል አለ። ሁለት ሰከንድ ታይቶ ያልፋል። ይኼን ሁሉ ሳምንት አንዳቸውም ልብ አላሉትም፤ ከሞላልኝ እግር በቀር።

ምናሴ ስልኩን አውጥቶ ቀጣዩን ዙር ቀረጸ። ተሰብስበው አዩት። ግንቡ ብቅ ሲል የሞላልኝ ቀኝ እጅ ከመሪው ይነሣል፣ ግንባሩን ይነካል፣ ደረቱን ይነካል፣ ከትከሻ ትከሻ ያልፋል፣ ጭንቅላቱ ዝቅ ይላል፤ ሁሉም በግማሽ ሰከንድ፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው። ካሜራው ወረድ ሲል እግሩም አብሮ ይነሣል።

"እኔ ነኝ ይኼ?" አለ ሞላልኝ።

"አንተ ነህ" አለች የሺሐረግ። ዶሮውን ፍሪዘሩ ላይ አስቀመጠችና ወደ ልጆቹ ዞረች። "ያኔ አዲስ አበባ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በሱ አውቶቡስ ነበር የምሳፈረው። ቤተ ክርስቲያኑ በር ስንደርስ ሌሎቹ ሾፌሮች እንዳመጣላቸው ያልፋሉ። እሱ ግን ቀዝቀዝ ያደርጋታል። ሰዉ በመስኮት ይሳለማል፣ እሱም ይሳለማል፣ ከዚያ ይነዳል። ዓይኔን የጣልኩበት በዚያ ነው።"

ሔራን ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። "ዌይት። አባን ያገባሽው በብሬኩ ነው?"

"ፍሬን መቼ ያዘ?" አለች የሺሐረግ። "ነዳጅ ነው የለቀቀው።"

ሳቁ ሲበርድ ምናሴ ጉሮሮውን ጠረገ። ቤተሰቡ ጴንጤ ናቸው፤ እንዲህ ባለ ነገር መካከል መግባት ይፈራል፣ ግን ቁጥሩ አሸነፈው። "ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ግን ይኼ እኮ እውነተኛ ቸርች አይደለም። ስዕል ነው።"

"አውቃለሁ። እግሬ ነው የማያውቀው።"

"ስዕልስ ቢሆን?" አለች የሺሐረግ። "ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ያለውስ ስዕል አይደለም?"

"ኦኬ። ሶሪ" አለ ምናሴ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ።

"ሴቲንግ አለው" አለች ሔራን ላፕቶፑን እየጎተተች። "የመንገድ ዳር ሕንፃዎቹን ኦፍ ማድረግ ይቻላል።"

"ምን ልታደርጊ?"

"ኦፍ።"

"ቤተ ክርስቲያን ኦፍ ልታደርጊ?"

"አባ—"

"ለሦስት አስረኛ ሰከንድ ብሎ ቤተ ክርስቲያን አጠፋ ይለኛል ኃይለ ማርያም። ቤድፎርድን ሁሉ ያዳርሰዋል። አይሆንም፣ ተይው።"

ተወችው። ሞላልኝ ግን ቁጭ ብሎ እንደ መካኒክ አሰበ። ሁለት ነገሮች በአንድ ሽቦ ታስረዋል፤ እጅ ሲነሣ እግር ይነሣል። እጁን መከልከል አልፈለገም። ስለዚህ ሽቦውን መለየት ነው። ተነሥቶ መታጠቢያ ቤት ገባና የሺሐረግ የምትመዘንበትን አሮጌ ባለመርፌ ሚዛን ይዞ ወጣ።

አሠራሩ ይህ ነው። ሚዛኑን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ መርፌው አርባ ፓውንድ እስኪደርስ በቀኝ እግሩ ይገፋዋል። ከዚያ ይሳለማል። መርፌው ከአርባ መነቃነቅ የለበትም። እሱ ወደ ታች ማየት ስለማይችል የምታነበው የሺሐረግ ናት። ሰኞ፣ እጁ ሲነሣ መርፌው ወደ አሥራ አምስት ወረደ። ማክሰኞ፣ ሃያ አምስት። ረቡዕ ነገሩ ወደ ሌላ ጎን ሄደ፤ እግሩ እንዳይነሣ ሲጠነቀቅ እየረገጠው ስልሳ ደረሰ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ወደቀ።

"ሚዛኔን ከሰበርከው ክብደቴን ገምተህ ነው የምትነግረኝ" አለችው፤ "ደግሞ ገምተህ እንዳትናገር።"

ሐሙስ ዘዴ ቀየረች። እሱን ወንበሩ ላይ፣ እግሩን ሚዛኑ ላይ ትታ ወጥ ቤት ገባች። ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ ድንገት "ቤተ ክርስቲያን!" ብላ ትጮኻለች። ሞላልኝ ይሳለማል። እሷ በበሩ ብቅ ብላ መርፌውን ታያለች። "ሠላሳ ስድስት።" ትንሽ ቆይታ፣ "ቤተ ክርስቲያን!" "ሠላሳ ዘጠኝ።" ዓርብ ከሰዓት በኋላ አሥር ጊዜ ጠርታው አሥሩንም ከሠላሳ ስምንት አልወረደም፣ ከአርባ ሁለት አልወጣም። ደብተሩ ላይ ጻፈው፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

እሑድ፣ በመጨረሻው ቀን፣ ከቅዳሴ መልስ ምሳ ተበልቶ፣ ምናሴም ከሥራ መጥቶ፣ አራቱም ጋራዥ ገቡ። ሰዓቱ በአሜሪካ አቆጣጠር ከአራት አልፏል። የመጀመሪያው ዙር አንድ ሃምሳ ነጥብ ስድስት ሆነ፤ እግሩን ሲያስብ የሠላሳ አምስትን መውጫ ረሳው። ደጋገመ። አንድ ሃምሳ ነጥብ አራት። አንድ ሃምሳ ነጥብ አንድ። ውሃ ጠጣ፣ ካልሲውን ለወጠ። አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ አንድ ዙር አንድ አርባ ዘጠኝ ነጥብ ሰባት ወጣለትና ሔራን ጮኸች፤ ጩኸቷን ሳትጨርስ ስክሪኑ ቀይ ሆነ። የመጨረሻው ኩርባ ላይ አራቱም ጎማ ከነጩ መስመር ወጥቶ ነበር። ዙሩ አይቆጠርም።

ሔራን የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ቆመች። "አባ፣ ካልሆነም—"

"ስንት ቀረ?"

"አሥራ አምስት ደቂቃ።"

በዚህ ሰዓት ስልኩ ጠራ። ሔራን ስሙን አይታ ስፒከር ላይ አደረገችው። "ጋሽ ኃይለ ማርያም፣ አባ እየነዳ ነው።"

"እየነዳ? ስንት ሰው ጭኗል?"

ሞላልኝ ሳቁ አመለጠው። ከሆዱ ሳቀ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፤ ትከሻው ሲወርድ ሁሉም አዩት። "ማንንም አልጫንኩም" አለ ወደ ስልኩ። "መጨረሻ ነው፣ ሁሉንም አውርጃቸዋለሁ።" ሔራን ዘጋችው።

ነዳ። የ121ን መጋጠሚያ በአንድ ትንፋሽ አለፈው። የሠላሳ አምስት መውጫ ላይ ፍሬኑን እንደ ግንብ ረገጠ፣ እንደ አውቶቡስ ለቀቀ። ወደ ረጅሙ ቀጥታ ገባ። ጥዶቹ መጡ። ግንቡ ብቅ አለ። የሺሐረግ ከኋላው ትንፋሿን ያዘች። እጁ ተነሣ፣ ግንባር፣ ደረት፣ ትከሻ፣ ትከሻ፤ አንገቱ ዝቅ አለ። እሱ የሰማው ሞተሩን ነው። ሞተሩ ድምፁን አልቀየረም። አንድ ዓይነት፣ ሽቅብ እየወጣ፣ ያለማቋረጥ እየጮኸ ሄደ። የመጨረሻውን ኩርባ ከመስመሩ ግማሽ ሜትር ገባ ብሎ፣ ቆጠብ አድርጎ፣ ንጹሕ ወጣ።

አንድ አርባ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ስምንት።

ምናሴ ከነነርስ ጫማው ዘለለ። የሺሐረግ እልልታዋን ስታቀልጠው ማዶ ያለው ጎረቤት የሣር ማጨጃውን አጥፍቶ ቀና አለ። ሔራን ግን አልዘለለችም፤ መጀመሪያ ፋይሉን ላከች፣ "ተቀብለናል" የሚለውን እስክታይ ጠበቀች፣ ከዚያ ግራፉን ከፈተች። ረጅሙ ቀጥታ ላይ የነዳጁ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠረጴዛ ነው። ከሥሩ፣ የመሪው መስመር ላይ፣ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ አርባ ሜትር ጋ፣ አንዲት ትንሽ ሞገድ አለች፤ መሪውን በአንድ እጁ ብቻ የያዘበት። ጣቷን እዚያ ላይ አስቀመጠች።

"ይኼ ይቀመጥ" አለች። "ይኼን አናርመውም።"

ከዚያ አቀፈችው፤ ላብ በላብ መሆኑን አልጠላችም። "ውድድሩ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ቅዳሜ ብቻ አይበቃንም። ረቡዕም መምጣት አለብኝ፣ ከሥራ በኋላ።"

ሞላልኝ ደብተሩን አንሥቶ፣ እንደ ሥራ የበዛበት ሰው፣ ገጽ ገለጠ። "ረቡዕ... ረቡዕ ይቻላል" አለ።

ኃይለ ማርያም እንደገና ሲደውል ራሱ አነሣው። "ስምንት ስምንት።"

"ከኔ ኋላ ነህ!" አለ ኃይለ ማርያም፣ ደስታው ግን ድምፁ ውስጥ ይሰማ ነበር።

"ኋላህ ነኝ። መስታወትህን እያየህ ንዳ።"

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሞላልኝ የሺሐረግን ይዞ ገበያ ሄደ። መንገዳቸው ሁልጊዜ በሚያስቀድሱበት ቤተ ክርስቲያን በር ያሳልፋል። ጉልላቱ ሲታይ ቀኝ እጁ ተነሣ፣ አንገቱ ዝቅ አለ። እግሩ ግን ንቅንቅ አላለም። መኪናዋ በአርባ አምስት ማይል፣ እንደ ክር ቀጥ ብላ አለፈች።

"አንተ!" አለች የሺሐረግ። "ሳትቀንስ አለፍክ! እኔ ገና ግንባሬ ጋ ነኝ፣ አንተ ትራፊክ መብራት ደርሰሃል!"

ሞላልኝ እግሩን ቁልቁል አየው። የገዛ እጁ ሥራ ነው፤ የሚከሰው ሰው የለም። "ስንመለስ አስተካክለዋለሁ" አለ።

ሲመለሱ በሩ ጋ ሳይደርስ ነዳጁን ለቀቀ። መኪናዋ ቀዝቀዝ አለች፣ ከዚያም በላይ ቀዘቀዘች። ከኋላቸው የነበረ ትልቅ ፒክአፕ ክላክሱን ነፋ። የሺሐረግ አልቸኮለችም። ሦስት ጊዜ በወጉ ተሳለመች፣ ጨርሳ እጇን በመስኮት አውጥታ ለፒክአፑ ሰላምታ ሰጠችው፣ ነጠላዋን አስተካከለች።

"አሁን ንዳ" አለችው።